«በቃል ያዟቸው» ስላሉን ስለ ጋሽ ይርዳው

«ጋሽ ይርዳው አረፉ። እንግዲህ አንቺም አርፈሽ ትቀመጫለሽ።»

እናቴ ይህን የነገረችኝ ፊት ለፊቴ ቆማ ነው። ጠዋት ነበር፤ ጁባ ታውን ያለው ምግብ ቤታችን ጓሮ ውስጥ የቁርስ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ሁለቱንም ነገር በአንድ ትንፋሽ አለችው። ሳህኑን አስቀምጬ ቀና ስል ዓይኗን ወደ ውኃው በርሜል መለሰች። እናቴ ወይዘሮ እታገኝ ሰው ፊት ዓይኗን የምትሰብር ሴት አይደለችም፤ ፖሊስንም ቀረጥ ሰብሳቢንም አፍጥጣ ነው የምትመልሰው። ለምን እንደሰበረችው እነግራችኋለሁ።

ይህን የምጽፈው ጋሽ ይርዳውን ለምታውቁ ሁሉ ነው። ለአርባቸው ቤተ ክርስቲያን ስትሰበሰቡ እንዲነበብ እልከዋለሁ። በቀብራቸው ዕለት የተነበበውን የሕይወት ታሪክም የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ያኛው አጭር ነው፤ ጨዋም ነው። የት እንደተወለዱ፣ እንዴት ወደ ጁባ እንደመጡ፣ ምን እንዳገለገሉ ይናገራል። እዚህ የምጽፈው በዚያኛው ላይ ያስቀረሁትን ነው። የሚቀየም ካለ ይቀየመኝ፤ እናቴን አስፈቅጃለሁ።

ጋሽ ይርዳው ጎሚስታ ነበሩ። ሱቃቸው ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ሸሪካት፣ ወደ ኡጋንዳ በሚወስደው የኒሙሌ መንገድ ዳር ነበር፤ ግማሽ ኮንቴይነር፣ አንድ ኮምፕሬሰር፣ አንድ በርሜል ውኃ። ከኡጋንዳ የሚመጣ ከባድ መኪና ሁሉ ጎማው የሚፈነዳው እሳቸው በር ላይ ይመስል ነበር። በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት ደግመዋል፤ ዜማ ጀምረው ትተዋል። ለምን እንደተዉት ሲጠየቁ «ራበኝ» ይላሉ፤ ሌላ ምክንያት አይጨምሩም። እጃቸው እሑድ እንኳ ጥቁር ነበር። አንድ ቀን አንዷ እናት በዚያ እጅ መጽሐፍ ቅዱስ ሲገልጡ አይታ ፊቷን ብታጨማድድ «አይዞሽ፣ ይህ የእኔ ሜሮን ነው፤ አንዴ ከተቀቡት አይለቅም» አሏት።

የሰንበት ትምህርት ቤቱን የጎረምሶች ክፍል የያዙት ሌላ የሚይዘው ሰው ስለጠፋ ነው። ሕፃናቱን ሁሉም ይወዳቸዋል፤ ያለቅሳሉ፣ ይዘምራሉ፣ ከረሜላ ይበቃቸዋል። እኛን ግን ማንም አልፈለገንም። ጢም ያወጣንና ጡት ያወጣን፣ ግማሻችን በአማርኛ ጀምረን በጁባ አረብኛ የምንጨርስ፣ ቅዳሴ ላይ ሰዓት የምናይ ልጆች ነበርን። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር «ጎሚስታ ደግሞ ምን ሊያስተምራቸው ነው?» ቢሉ ጋሽ ይርዳው «ማስተንፈስ» ብለው መለሱ።

የመጀመሪያው ቀን ዛሬ የሆነ ያህል ነው የማስታውሰው። ገብተው በስመ አብ አሉ፤ ቀጥለው ጠየቁን።

«ነገ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹሙ ብትባሉ ምን ትላላችሁ?»

«እሺ!» አልን በአንድ ድምፅ።

«ሦስት ሰዓት ቆማችሁ አስቀድሱ ብትባሉስ?»

«እሺ!»

«ውሸታሞች» አሉን፣ ፈገግ ብለው። ሰሌዳው ላይ በትልቁ እሺ ብለው ጻፉና ሰረዙት። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል ውስጥ ይህችን ቃል መናገር ክልክል ነው። ገባችሁ?»

ከኋላ የክፍላችን ቀልደኛ ሄኖክ «እሺ ጋሼ» አለ። አምልጦት ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ በሳቃችን ተንቀጠቀጠ፤ ከሁላችን በላይ የሳቁት እሳቸው ነበሩ።

ወላጆችን ግን አላሳቃቸውም። «‹እሺ ይበልጣል ከሺህ› ብለን ያሳደግነውን ልጅ እምቢታ ያስተምሩልናል» እያሉ ለቄሱ ከሰሷቸው። ጋሽ ይርዳው ከቅዳሴ በኋላ በረንዳው ላይ ለተሰበሰቡት የተናገሩትን እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ «እሺ የሚል ልጅ እኮ ከእናንተ ጋር ነገሩን ጨርሷል። ‹ለምን› የሚለው ነው ገና ቤት ውስጥ ያለው።»

ይህን አባባል የእናቴን ያህል የጠላው ሰው አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ሱራፌል በጁባ ሐበሻ ዘንድ የእሺታ ምሳሌ ነበር። ተነሥ ሲሉት ይነሣል፤ ጹም ሲሉት ይጾማል፤ ውዳሴ ማርያም ሳይደግም አይወጣም። እናቶች ልጆቻቸውን «እንደ ሱራፌል አትሆኑም?» እያሉ ይረግሟቸው ነበር። ካምፓላ ለትምህርት ሄደ። በዓመቱ የፋሲካ ዕለት እናቴ ደወለችለትና «ጾሙን እንዴት ፈታኸው የኔ ልጅ?» አለችው። «አልጾምኩም እማ። ከመጣሁ ጀምሮ ጾሜ አላውቅም፤ ቤተ ክርስቲያንም አልሄድም። እባክሽ ሁለተኛ ስለዚህ ነገር አትጠይቂኝ» አላት። ስልኩን ዘጋችው። ወዲያው ለእንግዶች ዶሮ ወጥ አወጣች፤ ጨው እንኳ አልተሳሳተችም።

ከዚያ በኋላ የቀረኋት እኔ ነበርኩ። ከምግብ ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ምግብ ቤት። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ነበር፤ ወረቀቴ በፕላስቲክ ተለብጦ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ሽንኩርት እልጣለሁ። የምተኛበት ክፍል መስኮት ወደ ማድ ቤት ነው የሚከፈተው፤ የማድ ቤቱ ወደ አዳራሹ፣ የአዳራሹ ወደ እናቴ ወንበር። በጁባ ሙቀት በአራቱም በኩል እየታየሽ መኖር ምን እንደሆነ ያየች ታውቀዋለች። ስልኬ ሲጮህ «ማነው?» ትላለች። ስስቅ «ምን አገኘሽ?» ትላለች። ዝም ስል ደግሞ «እንደ ወንድምሽ ልትሆኚ ነው!» ትላለች።

ዓርብ ዓርብ ሽንኩርት ልገዛ ብዬ ወጥቼ በቦዳ ሞተር ድልድዩን ተሻግሬ ጋሽ ይርዳው ሱቅ እሄድ ነበር። አንድ ዓርብ ካላማዳሪ እየነፉ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ እኔ እንጃ። ማመኔን እንጃ» አልኳቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ያማትብ ነበር። እሳቸው ካላማዳሪውን ውኃ ውስጥ ደፈቁትና «ነይ እስቲ፣ የቱ ጋ ነው የተበሳው?» አሉኝ።

አበጥ ያለውን ቦታ አሳየኋቸው።

«እብጠት ሁሉ ቀዳዳ አይደለም። አረፋው የሚወጣበትን ፈልጊ።» ቀስ እያሉ አዞሩት፤ ከታች በኩል ቀጭን አረፋ ተከታትሎ ወጣ። አውራ ጣታቸውን ጫኑበት። «በይ ንገሪኝ፤ የማታምኚው ማንን ነው? እግዚአብሔርን ነው ወይስ እናትሽን?»

«እናቴን።»

«ታዲያ የተነፈሰው ይሄኛው ከሆነ ያንኛውን ጎማ ለምን ትፈቺዋለሽ?»

ሽንኩርቱን ሳልገዛ ነው የተመለስኩት፤ ተሰደብኩ። ግን ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመተኛቴ በፊት ጸለይኩ።

ጋሽ ይርዳው ከእኛ ከልጆቹ ይልቅ የሚያሳስቧቸው ወላጆቻችን ነበሩ። «ልጅ በሳምንት አንድ ሰዓት እኔ ጋ ነው፤ ሌላውን ሁሉ እናንተ ጋ ነው» ይሏቸዋል። ሰበካ ጉባኤውን ለምነው የወላጆች ስብሰባ አስጠሩ። አዳራሹ ሞላ፤ ሆቴል ያለውም፣ ባር ያለውም፣ ሱቅ ያለውም መጣ። እኛን ከኋላ አስቀመጡን። ጋሽ ይርዳው በዚያ ቀን የተናገሩት ብዙ ነው፤ ሰው ይዞ የሄደው ግን አንዲቷን ነገር ነው፤ «ልጆቻችሁን በቃል ያዟቸው እንጂ በዱላ አትያዟቸው።»

ለእሳቸው «ቃል» ማለት ጨዋታ ነበር። ቁጭ ብላችሁ አጫውቷቸው፤ እንዴት እንዳመናችሁ፣ መቼ እንደተጠራጠራችሁ፣ ጸሎታችሁ እምቢ ሲል ምን እንዳደረጋችሁ ንገሯቸው ማለታቸው ነበር። እንዲያውም ይህንኑ ለመጀመር ወላጆችን አንድ በአንድ ወደ ክፍላችን መጥተው እንዲተርኩልን ለመኑ። አንድ የዘይት ነጋዴ መጡ፤ እስር ቤት ሳሉ እግዚአብሔርን ሁለት ዓመት እንደተቀየሙት ነገሩን። ሄኖክ እንኳ አልቀለደም። እናቴን ሲጠይቋት ግን «የእኔ ጸሎት ከእመቤቴ ጋር ነው፤ ለልጅ አይተረክም» አለች።

በዚያው ሳምንት ከካምፓላ አንድ የነርሶች ትምህርት ቤት ተቀብሎኝ ደብዳቤ መጣ። ለማመልከቴ እናቴ አታውቅም ነበር። ደብዳቤውን ያገኘችው ራሷ ናት። ካምፓላ የሚለውን ቃል ስታይ ፊቷ እንዴት እንደሆነ መጻፍ አልችልም። በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እጇን አነሣች፤ ቆም አለች፤ መለሰችው። ግድግዳው ላይ ወዳለችው የእመቤታችን ሥዕል ዞረች።

«ጋሽ ይርዳው በዱላ ሳይሆን በቃል ያዙ ብለዋል» አለች። «በቃል ይዤሻለሁ። በኪዳነ ምሕረት ገዝቼሻለሁ! ያንን ድልድይ እንዳትሻገሪ። ብትሻገሪ እኔ እናትሽ አይደለሁም፤ እሷም አታውቅሽ።»

እሑድ ለጋሽ ይርዳው ነገርኳቸው። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ምን ነበር ያልኩት?» አሉ።

«በቃል ያዟቸው።»

«በቃል…» ጥቁር እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። «አየሽ፣ ያሰረችሽ የእኔ ምላስ ናት። እናትሽማ የነገርኳትን ነው የፈጸመችው።»

ልብ በሉልኝ፤ ማንም አልቆለፈብኝም። ፓስፖርቴ እኔው ሻንጣ ውስጥ ነበር። የአውቶቡስ መሳፈሪያ ነበረኝ። ሦስት ጊዜ እስከ ድልድዩ ድረስ ሄጃለሁ። መንገዱ አልቆ የብረቱ ወለል ሲጀምር እግሬ ይቆማል። አላምንበትም ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ እግሬ ግን ያምናል። ሰው በፊት በኋላዬ ያልፋል፤ ፍየል ያልፋል፤ ባለ ቦዳው «ሲስተር፣ ያላ!» እያለ እንድሳፈር ይጠራኛል። ዞሬ ወደ ሽንኩርቴ። ትምህርቱ የሚጀመርበት ቀን ደግሞ እየቀረበ ነበር።

ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። «ያሰረ ይፍታ፤ እናት በሕይወት እያለች እኔ እጄን አላስገባም» አሉኝ። ጋሽ ይርዳው የቅዱሳንን ስም ልጅ ማሰሪያ አናድርገው ብለው ለሰበካ ጉባኤው አመለከቱ፤ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። እስካሁን ሲተላለፍ ነው።

«ልሻገርና ይለይለት» አልኳቸው አንድ ቀን በንዴት።

«ግዝቱን ጥሰሽ ከሄድሽ እምነትሽን ድልድዩ ላይ ጥለሽ ነው የምትሄጂው» አሉኝ። «ፈርተሽ ከቀረሽም እዚሁ ሽንኩርት ውስጥ ትጥይዋለሽ። ሁለቱንም አልፈልግልሽም። ታገሺኝ፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ረቡዕ ረቡዕ ሱቃቸውን ዘግተው በእግራቸው ድልድዩን ይሻገሩልኝ ጀመር። መጥተው አንድ ሻይ ያዛሉ። እኔ በማድ ቤቱ መስኮት እሰማቸዋለሁ።

«ለሻይ ብለው ነው ይህን ሁሉ መንገድ?» ትላቸዋለች እናቴ።

«የእርስዎ ሻይ ቅመም አለው ወይዘሮ እታገኝ።»

«የእኔ ሻይ ቅመም የለውም።»

«ታዲያ ከእርስዎ ነው የሚመጣው ማለት ነው።»

አንዳንዴ ልትስቅ ትደርሳለች። ግን ወደ ነገሩ ሲመጡ ትከረችማለች። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው ተረቱ!» አለቻቸው አንድ ረቡዕ።

«ይህን ተረት ያወጣው ልጅ ያልወለደ ሰው ነው» አሉ ጋሽ ይርዳው።

«የእናት ግዝት ከካህን ይብሳል፤ እንዲሁ አይፈታም።»

«ስለሚብስ እኮ ነው የመጣሁት።» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «መፍታቱንም ይተዉት፤ አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። ሱራፌል የሄደ ጊዜ ጸሎትዎ ምን እንደሆነ ለዚህች ልጅ ይንገሯት።»

«ምን ይሆናል? ምንም አልሆነም!»

«ልጅ እናቷ ስትወድቅ ካላየች መነሣትን ከየት ትማራለች?»

የመጨረሻው ረቡዕ ግን እናቴ ተነሣችባቸው። አዳራሹ ውስጥ እንግዶች ነበሩ፤ ሄኖክም እናቱ የተዋሰችውን ዕቃ ሊመልስ መጥቶ ቆሟል። «አይለቁኝም እንዴ!» ብላ ጮኸች። «እሷን የምፈታት እርስዎ ሲሞቱ ነው! ሲሞቱ እፈታታለሁ!»

ጋሽ ይርዳው ሳቁ፤ ከልባቸው ነው የሳቁት። «ያዝኩዎት፤ በቃልዎ ነው የያዝኩዎት» አሉና ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። ወባ ነው ተባለ፤ ጎማ ሲቀይሩ ውለው ብርድ ብርድ አለኝ ብለው ተኙ፤ በሦስተኛው ቀን ክሊኒክ ውስጥ ዐረፉ። እንግዲህ ያን ጠዋት እናቴ ዓይኗን ለምን እንደሰበረች ገብቷችኋል።

ፍትሐቱ የተደረገው ቤተ ክርስቲያናችን ነው፤ ቆሜ አስፈታሁ። የቀብሩ ቦታ ግን ከድልድዩ ማዶ፣ ሸሪካት ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፍኩበትን ወረቀት ለሄኖክ ሰጠሁት።

«ያለችውን እኔም ሰምቻለሁ» አለኝ በጆሮዬ። «እዚሁ ሁሉም ፊት እንናገራት። ምን ልትሆን ነው? አሁኑኑ ትፈታሻለች።»

ልናገር ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። ያቆመኝ ጥሩነቴ አይደለም፤ ጋሽ ይርዳው አንድ ቀን ያሉት ነገር ነው፤ «የታሰረ ሰው ገመድ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያስበው ማንን እንደሚያስርበት ነው።» ዝም አልኩ። አስከሬኑን የያዘው መኪና ተነሣ፤ ሰው በየመኪናው ተጫነ። እኔ እስከ ድልድዩ ድረስ ተከተልኩ። እናቴ በሁለተኛው መኪና ላይ ነበረች፤ አየችኝ፤ አየኋት። ብረቱ ተንኳኳ፣ ተንኳኳ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

እዚያው ቆምኩ። እኒያ ሰውዬ ለእኔ ብለው ያንን ድልድይ በስንት ረቡዕ ሲሻገሩት እኔ አንድ ጊዜ አልሻገርላቸውም። ልቅሶውን እንኳ መስማት አልቻልኩም፤ የሰማሁት ዓባይን ብቻ ነው። የድልድዩ ወታደር መጥቶ «ያ ቢኒያ፣ ማሉ?» አለኝ፤ ምን ሆነሽ ነው ማለቱ ነው። ሰው ሞቶብኝ ነው አልኩት። ጣቱን ወደ ማዶ ቀስሮ «ታዲያ ለምን አትሄጂም?» ሲለኝ እግሬን አሳየሁት። የጀሪካን መቀመጫውን ሰጠኝ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እናቴ በእግሯ መጣች። መኪናውን ትታው ነው። ጫማዋን በእጇ ይዛለች፤ እግሯ የቀብር አፈር ነው።

«እዚሁ ነሽ?» አለች።

«የት ልሂድ?»

አጠገቤ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ከባድ መኪና እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ያልኳቸውን ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ለምን ዝም አልሽ? አንቺ ዝም የምትይ ልጅ አይደለሽም።»

«እንጃ።»

ነጠላዋን አውልቃ ፊቷን ጠረገችበት። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር ጀመረች።

«ሱራፌል ያንን ከነገረኝ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ከንፈሬን ብቻ ነው ያንቀሳቀስኩት። ውዳሴ ማርያሙን እገልጠዋለሁ፤ ፊደሉን አየዋለሁ፤ ምንም የለም። ‹እማ እየጸለየች ነው› ብለሽ በሩን ቀስ አድርገሽ ስትዘጊልኝ እኔ ግድግዳ እያየሁ ነበር።»

«በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን እኔን ለምን አልጸለይሽም እያልሽ ትጮኺብኝ ነበር!» አልኳት።

«የሚጮኸው ባዶ ቆርቆሮ ነው» አለች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬያት ኖሬ ስለ እምነቷ የነገረችኝ የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር።

«አሁንስ?» አልኳት።

«አሁን አልፎ አልፎ ይመጣል። ዛሬ መቃብሩ ላይ መጥቶ ነበር። ደግሞ ሄደ።» ተነሣች። ነጠላዋን በወጉ ለበሰች፤ አማተበች። «በኪዳነ ምሕረት የገዘትኩሽን በስሟ ፈትቼሻለሁ። ስለሞቱ ነው ብለሽ እንዳታስቢ።» ጫማዋን አደረገች። «ወይም ስለሞቱ ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ። ሂጂ አሁን፤ አፈር ሳታለብሻቸው እንዳይመሽ። እዚሁ እጠብቅሻለሁ።»

ወታደሩ የለቀቅኩትን ጀሪካን ለእናቴ ሲያቀርብላት እኔ ብረቱን ረግጬ ነበር።

ጋሽ ይርዳው፣ እንግዲህ እርስዎን ላነጋግር።

ሱቅዎ ተዘግቷል። የጎረምሶችን ክፍል የሚይዝ ሰው ሰበካ ጉባኤው አሁንም እየፈለገ ነው። ባለፈው እሑድ እናቴ ሳትጠራ መጥታ እርስዎ በሚቀመጡበት አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጆቹ የምትቆጣቸው መስሏቸው ወደ ኋላ ሸሹ። ሰዓቱ ሲያልቅ «በሚቀጥለው እሑድ እነግራችኋለሁ፤ ዛሬ አልቻልኩም» ብላ ወጣች። ሄኖክ «እሺ እትዬ» አለ፤ ማንም አልሳቀም።

ለሱራፌል ደውላለታለች። ስለ ጾም አልጠየቀችውም። ምን እየበላ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችው፤ ረጅም ሰዓት አወሩ።

እኔ ካምፓላ ላይ እንደምጾም ለእርስዎ ቃል አልገባልዎትም። ውሸት እንደማይወዱ አውቃለሁ። በየትኛው ቀን እንደምጸልይ፣ በየትኛው ቀን ግድግዳ እንደማይ አላውቅም። እርስዎ ግን መቼም «ታምኛለሽ ወይ?» ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም፤ «የቱ ጋ ነው?» ነበር የሚሉኝ። ሌላ ሰው ይህንን ይጠይቀኛል ብዬ አልጠብቅም። ራሴን እየጠየቅኩ እኖራለሁ። ያ ሁሉ ረቡዕ፣ ያ ሁሉ ቅመም የሌለው ሻይ፣ እግዚአብሔር ይቁጠርልዎ። በሄዱበት ጥቁር እጅዎን አይተው ፊታቸውን የሚያጨማድዱ አይኖሩም ብዬ አምናለሁ። ይህንን አምናለሁ።

ዛሬ ጠዋት እናቴ እስከ ድልድዩ ሸኘችኝ። ሸሪካት ላይ ከቦዳው ወርጄ ሻንጣዬን ከመቃብርዎ አጠገብ አቆምኩ። አበባ አልያዝኩም። ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ። «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ» ላይ ስደርስ የኒሙሌው አውቶቡስ መንገዱ ዳር ቆሞ ጥሩንባውን ነፋ። ሻንጣዬን አንሥቼ ሮጥኩ።